እስክሪብቶው በማን እጅ ነው?

ወደዚህ ዓምድ የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ ትምህርት የከበዳቸው ልጆች ናቸው። በዚህ ወር ግን ሦስት ደብዳቤዎች ከአስጠኚዎች መጡ። ራሳቸው ገና ተማሪ ሆነው ሳለ ሌሎች ተማሪዎችን እንዲያግዙ ዩኒቨርሲቲያቸው የመደባቸው ልጆች ናቸው። እኔም በተማሪነቴ ሁለት ዓመት ካልኩለስ አስጠንቻለሁ፤ ከተመረቅኩ ወዲህ ደግሞ 14 ዓመት አዳዲስ አስጠኚዎችን ሳሠለጥን ቆይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ቦታ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር አራት የአንደኛ ዓመት ልጆችን ካልኩለስ እንዳስጠና ተመድቤያለሁ። ከአራቱ አንዱ በጣም የሚጥር ልጅ ነው፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከሰዓታችን ውጪ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እየሠራሁ አሳየዋለሁ። «ገባህ?» ስለው «ገባኝ» ይለኛል። ሚድ ተፈተነና ከ30 ዘጠኝ አመጣ። ወረቀቱን ሲያሳየኝ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» አለኝ። ያን ዕለት ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሌላም ነገር አለ፤ ከፈተናው በፊት የአሳይመንት ማስረከቢያ ደርሶበት ሲጨነቅ አሳዘነኝና እኔው ሠርቼ ሰጠሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ኮርሱን እኔ በኤ ነው ያለፍኩት፤ ማስረዳት ግን አልተሰጠኝም መሰለኝ። ቦታውን ለሌላ ሰው ብለቅ አይሻልም? — ግራ የገባኝ

መልስ፦ የኔ እህት፣ አትልቀቂ። ዘጠኝ አምጥቶ አስጠኚውን ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ልፋትሽን አይቷል ማለት ነው። ልፋትሽ አላነሰም፤ የጎዳችሁ ልፋቱ በሙሉ ባንቺ በኩል መሆኑ ነው። «እየሠራሁ አሳየዋለሁ» ብለሻል። የሠራሽው አንቺ፣ የተፈተነው እሱ።

ይህን የምልሽ በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። አስጠኚ በሆንኩ በሁለተኛው ወር፣ ይከታተሉን የነበሩት መምህር አንድ ቀን ከኋላችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔም ሰው እያየኝ ነው ብዬ ከወትሮው የበለጠ ተጋሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳላርፍ አስረዳሁ። ልጅቷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ሲያልቅ መምህሩ ትንሽ ብጣሽ ወረቀት አቀበሉኝ። ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፦ 53 እና 7። «ምንድነው እሱ?» አልኳቸው። «እስክሪብቶው ባንቺ እጅ የቆየበት ደቂቃና በሷ እጅ የቆየበት ደቂቃ» አሉኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ያቺን ብጣሽ ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

ልጁ «ገባኝ» የሚልሽ ሊዋሽሽ አይደለም። አንቺ ስትሠሪ እያንዳንዱን መስመር ይከተልሻል፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ተከትሎ የሄደ ሁሉ መንገዱን የለመደው ይመስለዋል። ብቻውን ሲለቀቅ ነው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የሚገተረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡና አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡትን የበለጠ አስታወሱ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሳያዩ ከጻፉት ጽሑፍ 56 በመቶው ሲቀር፣ ደግመው ካነበቡት የቀረው 42 በመቶ ብቻ ሆነ። ያንቺ ልጅ «ገባኝ» የሚልሽ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ ፈተናው ያለው ሳምንቱ ላይ።

በኤ ማለፍሽም የራሱ ጣጣ አለው። በየዓመቱ ሥልጠና ስንጀምር አዳዲሶቹን አስጠኚዎች ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንደኛው ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አንድ ዘፈን በልቡ እያዜመ በጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ሌላው የየትኛው ዘፈን ምት እንደሆነ ይገምታል። ገማቹ ዓይኑን ያፈጣል። መቺው ይናደዳል፤ «እንዴት ይሄ ይጠፋሃል!» ይላል። በሱ ጭንቅላት ውስጥ ዜማው፣ ግጥሙ፣ መሣሪያው ሁሉ አለ፤ ሰሚው ጋ የሚደርሰው ኳኳታ ብቻ ነው። ይህን ያገኘሁት ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሠራችው ጥናት ነው። 120 ዘፈኖች ተመትተው ሰሚዎቹ ያወቁት ሦስቱን ብቻ ነበር፤ መቺዎቹ ግን ግማሹ ይታወቃል ብለው ገምተዋል። አንቺም ቼይን ሩልን፣ አንዱ ፈንክሽን በሌላው ውስጥ ሲገባ ደሪቬቲቭ የሚወጣበትን ደንብ፣ ስታስረጂ ዜማው ይሰማሻል። እሱ ጋ ምን እንደደረሰ የምታውቂው ግን እስክሪብቶውን ሰጥተሽ እጁን ስታዪ ነው።

የልጁን ወረቀት ስላላየሁት፣ እኔ እጅግ ብዙ ጊዜ የገጠመኝን አንድ ስሕተት ልውሰድ። የሳይን ኤክስ ስኩዌር፣ ማለትም የsin(x²)፣ ደሪቬቲቭ (በየነጥቡ የግራፉ ተዳፋትነት ወይም ስሎፕ) ተጠየቀ እንበል። ልጁ «ኮሳይን 2ኤክስ» ብሎ ይጽፋል። ይህን ስናይ እጃችን ይቸኩላል። ሰረዝ እናደርግና «2ኤክስ ኮሳይን ኤክስ ስኩዌር ነው፤ ቼይን ሩሉን ረሳኸው» እንለዋለን፤ እሱም «አዎ፣ ገባኝ» ይለናል። ልጁ ግን ያለ ሐሳብ አልጻፈም። የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን እንደሆነ ያውቃል፤ የኤክስ ስኩዌር ደሪቬቲቭ 2ኤክስ እንደሆነም ያውቃል። ሁለቱንም በየቦታቸው ተካቸው። የራሱ ደንብ አለው ማለት ነው፤ የተሳሳተው ደንቡ ነው። ደንቡን ሳታገኚ መልሱን ብቻ ብታርሚለት፣ በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ደንብ ይዞ ይመጣል። በፈተናውም የሆነው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አትሰርዢበት። «ይሄ መልስህ ኤክስ ዜሮ ሲሆን ስንት ይሰጣል?» በይው። የዜሮ ኮሳይን አንድ ነውና «1» ይልሻል። ቀጥሎ ሳይን ኤክስ ስኩዌርን ራሱ ይሣለው፤ መጀመሪያ ኤክስ 0.1 ሲሆን፣ ከዚያ ኔጌቲቭ 0.1 ሲሆን ዋጋውን ያውጣ። ሁለቱም ላይ 0.01 ገደማ ያገኛል፤ መሐሉ ላይ ዜሮ። ግራና ቀኙ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ይወጣለታል። «እዚህ የጎድጓዳው ወለል ላይ ስሎፑ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ። ቅድም የጻፈውን ያያል፣ ሥዕሉን ያያል፣ እንደገና የጻፈውን ያያል። «ዜሮ ነው… ግን እኔ 1 ብያለሁ» ይልሻል። ስሕተቱን ያገኘው እሱ ነው፤ አንቺ አንድም መስመር አልጻፍሽም።

ያን ጊዜ ኤክስ ስኩዌርን በጣቱ ይሸፍነው። የሚታየው ሳይን ብቻ ነው፤ እሱ ወደ ኮሳይን ይለወጣል፣ በጣቱ የተሸፈነው ግን እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ጣቱን ያንሳ። የተሸፈነው ነገር ራሱ የሚለዋወጥ ስለሆነ በራሱ ደሪቬቲቭ፣ ማለትም በ2ኤክስ፣ ይባዛል። 2ኤክስ ዜሮ ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከጎድጓዳው ወለል ጋር ገጠመ ማለት ነው። ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በ20 ደቂቃ አንቺ ስምንት ጥያቄ ሠርተሽ ታሳዪው እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን አንዱን ምረጪ፤ ልጁ ከዚህ በኋላ መልሱን ራሱ መፈተሽ ይችላል፣ በፈተና አዳራሽም አንቺ አጠገቡ የለሽም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። ጠይቀሽው ሲያቀረቅር ሦስት ሰከንድ እንደ ዓመት ይረዝማል፤ ርኅራኄሽ አፍሽን ያስከፍትሻል። በልብሽ እስከ 15 ቁጠሪ። ብዙውን ጊዜ 10 ሳትደርሺ እጁ ይንቀሳቀሳል። ካልተንቀሳቀሰ መልሱን አትንገሪው፤ ጥያቄውን አሳንሺለት። «ገባህ?» የሚለውን ጥያቄም ከዛሬ ጀምሮ ተይው፤ ለዚያ ጥያቄ ከ«ገባኝ» ሌላ መልስ መስጠት ለማንም ሰው ያሳፍራል። «ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?» በይው፤ ወይም «ይሄንን ላልመጣው ጓደኛህ እንዴት ታስረዳዋለህ?»። በሚቀጥለው ስትገናኙም ደብተር ሳይገለጥ፣ ካለፈው ጊዜ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አምስት ደቂቃ ስጪው።

የሚዱን ወረቀት አትደብቁት። የጠፉትን 21 ነጥቦች አብራችሁ ልቀሟቸው። ከየትኛው ጥያቄ ስንቱ ፈጽሞ ስላላወቀው ሄደ? ስንቱ እያወቀው ምልክት ስቶ ወይም ጥያቄውን ሳይጨርስ አንብቦ ሄደ? ስንቱስ ሰዓት አልቆበት? እሱ ይመድብ፣ አንቺ ተመልከቺ። 21ዱም በአንድ ምክንያት የሄዱበት ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ለሦስቱ የሚደረገው ጥናትም ለየቅል ነው።

አሁን ወደ አሳይመንቱ። ይህን ሳላነሳ ባልፍ እውነተኛ መልስ አልሰጠሁሽም። የሌላ ተማሪ አሳይመንት መሥራት በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሁለታችሁንም የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ አንቺን ከአስጠኚነት ሊያስነሳሽ፣ እሱንም ነጥቡን ሊያስሰርዝበት ይችላል። በርኅራኄ እንዳደረግሽው አምናለሁ። ግን ልጁ ከዚያ ቀን ምን ይዞ እንደሄደ አስቢ፤ «አንተ አትችለውም» የሚል መልእክት ከሚያምናት ሰው እጅ ተቀበለ። ለአስተባባሪሽ ራስሽ ሄደሽ ንገሪ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ይከፋል፤ ሊያስቀጣሽም ይችላል፣ እሱን አልሸሽግሽም። ለልጁም በግልጽ ንገሪው፤ «ያን ቀን የሠራሁልህ አጥፍቼ ነው፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ከአሳይመንቱ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ጥያቄ ግን የፈለግከውን ያህል አብሬህ እቀመጣለሁ» በይው። ቅር ቢለው ቅር ይበለው፤ ይመለሳል።

በሚቀጥለው ሰዓታችሁ ሰዓትሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና እስክሪብቶው በማን እጅ ስንት ደቂቃ እንደቆየ መዝግቢ። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ ለሚማሩ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ላይብረሪ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል እየተቀመጥኩ እጠብቃለሁ። ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ «ትምህርት ለሚከብዳቸው ተማሪዎች ነፃ እገዛ» ይላል። በስድስት ሳምንት የመጡት ሦስት ልጆች ናቸው። ብዙዎች እየወደቁ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ለምንድነው የማይመጡት? ሰነፎች ናቸው እንዳልል ሌሊት ላይብረሪ ሲያነቡ አያቸዋለሁ። — በባዶ ክፍል የሰለቸሁ

መልስ፦ ማስታወቂያህን ቅደደው። በዚያ ጽሑፍ ሥር ባለ በር የሚገባ ልጅ ጓደኞቹ እያዩት «ትምህርት ከብዶኛል» ብሎ እየፈረመ ነው። እኔም በ18 ዓመቴ አልገባበትም ነበር።

ይህን ችግር ከኛ በፊት ያሰበችበት ሴት አለች። ዲያና ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1973 በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በጤና ትምህርት ዘርፍ የሚወድቁና የሚያቋርጡ ተማሪዎችን እንድትረዳ ሥራ ተሰጣት። እሷ ደካማ ተማሪ ፈልጋ አልመዘገበችም፤ ከባድ ኮርስ ፈለገች። ከተማሪዎቹ 30 በመቶ የሚሆኑት ወይም ከዚያ በላይ በዲ፣ በኤፍ ወይም በማቋረጥ የሚጨርሱት ኮርስ ከባድ ተብሎ ይያዛል፤ ኮርሱን ለሚወስዱ በሙሉ፣ ጎበዝ ሳይል ደካማ ሳይል፣ ሳምንታዊ የጥናት ሰዓት ይከፈትላቸዋል። የሚመራውም ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ሌክቸሩ ውስጥ እንደገና ገብቶ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፣ ኖት ይይዛል። አሠራሩ ዛሬ በብዙ አገሮች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል። ያንተንም ማስታወቂያ ስለ ተማሪው ማውራቱን ትተህ ስለ ኮርሱ እንዲያወራ አድርገው። «የኬሚስትሪ የሐሙስ ጥያቄዎች» በለው፤ ከሥሩ ለሐሙስ የሚሠራውን አንድ ጥያቄ ጻፍበት። ጥያቄው ከበድ ያለ ይሁን።

ከበድ ያለ የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ዩሪ ትራይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ካልኩለስ ላይ አንዳንድ ተማሪዎች ለምን እንደሚወድቁ ሲያጠና፣ ጥቁርና ቻይናዊ ተማሪዎች እንዴት እንደሚያጠኑ አጠገባቸው ሆኖ ተከታተለ። የጥረት ልዩነት አላገኘም። ያገኘው ይህ ነው፤ ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብቻቸውን ያጠናሉ፣ ብቻቸውን ሲገተሩም የሚያውቅላቸው የለም። ቻይናውያኑ ደግሞ ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ተሰባስበው መልስ ያስተያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይይዛል። ትራይስማን ማካካሻ ትምህርት አልከፈተም። ከመደበኛው ክፍል የሚከብዱ ጥያቄዎች ይዞ ተማሪዎቹን በቡድን አስቀመጣቸው፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። አንተ ሌሊት ላይብረሪ የምታያቸው ልጆች ለየብቻ ነው አይደል የሚቀመጡት?

መምህሩን ከሌክቸር በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡኝ በላቸው፤ እምቢ የሚሉ ጥቂት ናቸው። ፊት ቆመህ «እርዳታ» የምትል ቃል ሳታወጣ ጥያቄውን ቦርድ ላይ ጻፈውና ሐሙስ አብረን እንሠራዋለን በል። የመጡልህንም ሦስቱን ልጆች አደራ! እነሱን ራሳቸውን ወንበር አስጠጋግተህ እርስ በርስ አወያያቸው። አንድ ጎበዝ ተማሪም ካገኘህ ይዘህ ግባ፤ ጎበዞች የሚገቡበት ክፍል መሆኑ ከታወቀ በበሩ መግባት አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 20 ነው። ስታትስቲክስ ከማስጠናቸው አንዱ ከሥራ ዓለም ወደ ትምህርት የተመለሱ የ43 ዓመት ሰው ናቸው፤ ለዓመታት ሒሳብ ያዥ ነበሩ። «አንተ» ማለት አልቻልኩም፣ «እርስዎ» ስል ደግሞ ሲሳሳቱ ማረም ያቅተኛል። ተሳስተዋል ማለት እንደ ብልግና ይከብደኛል። ባለፈው ስሕተቱን አይቼ ዝም ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም «ለኔ ዓይነቱ ጊዜው አልፏል» ይላሉ። ምን ላድርግ? — ታናሽ አስጠኚ

መልስ፦ «እርስዎ» በላቸው፤ ምንም ችግር የለውም። አክብሮትህ አላስቸገረህም፣ ስሕተቱን አይተህ ማለፍህ ነው ያሳሰበኝ። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ተነሥተው ከ20 ዓመት ልጅ ፊት መጽሐፍ የገለጡት ሊማሩ ነው፤ ስሕተታቸውን ብትሸፍንላቸው ፈተናው ያወጣዋል።

«ጊዜው አልፏል» ሲሉ አትከራከራቸው። የሚያውቁትን ጠረጴዛው ላይ አምጣው። ለዓመታት ሒሳብ የያዘ ሰው አንድ ትልቅ ክፍያ አማካዩን እንዴት እንደሚያዛባው በሥራው አይቶታል፤ ሚዲያን (ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) ለምን እንዳስፈለገ ከመጽሐፉ ቀድመው እሳቸው ያስረዱሃል። አንድ ቀን እሳቸው ያስተምሩህ።

እርማቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሲሠሩ አንዱን መስመር በጣትህ አሳይተህ «ይሄ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቃቸው። ትክክል ሲሆኑም ሲሳሳቱም እኩል ጠይቃቸው። ሲሳሳቱ ብቻ ከጠየቅካቸው ጣትህን ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ በትክክለኛው መስመር ላይም ከጠየቅካቸው ግን ጥያቄውን ይለምዱታል፣ መልሰውም የራሳቸውን መስመር ያጣራሉ። ሐሙስ ትገናኙ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ልክ በሠሩት መስመር ጀምር።